ፍሬም የለኝም

ሐምሌ በገባ በመጀመሪያው ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጋሽ ያፌት ሚስትም ልጅም እንደሌላቸው ለመንግሥት አስታወቁ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዓለም መንተባተብ ጀመረች።

ያስታወቁት በስልክ ነው። የፍሬም ምጣኔ ጽሕፈት ቤት በዓመት አንዴ ለእያንዳንዱ ቤት ይደውላል። የሚደውለው ሰው አይደለም፤ ድሮ ሬዲዮ ላይ ዜና ያነብ የነበረ ሰው የሚመስል አንድ ጨዋ ድምፅ ነው። ጋሽ ያፌት ሥልሳ ሁለት ዓመታቸው ነው። በብሎክ 419፣ ዘጠነኛ ፎቅ፣ በር ቁጥር 6 ብቻቸውን መኖር ከጀመሩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስለሆናቸው መልሶቹን በቃላቸው ያውቁታል።

«የቤቱ ነዋሪ ብዛት?»

«አንድ ሰው።»

«የትዳር ጓደኛ አለዎት?»

«የለኝም።»

«የትዳር ፍሬ አለዎት?»

«ፍሬም የለኝም።»

ድምፁ ትንሽ ዝም አለ። በሌሎቹ ዓመታት ዝም ብሎ አያውቅም።

«ፍሬም እንደሌለዎት ተመዝግቧል» አለ በመጨረሻ። «ለአገርዎ ስላደረጉት ቁጠባ እናመሰግናለን።»

ጋሽ ያፌት ልጅ አለመውለድ ከመቼ ወዲህ ቁጠባ እንደሆነ ጥቂት አሰቡና፣ ነገሩ ሲታይ ውሸት እንዳልሆነ ገብቷቸው ስልኩን ዘጉ። ካልሲያቸውን አጥበው ኮምፒውተሩ ኋላ፣ ሞቃቱ ትንፋሽ በሚወጣበት በኩል ሰቀሉት። ክረምት ክረምት ልብስ የሚያደርቁት እዚያ ነው። በሰከንድ ሥልሳ ፍሬም፣ ማለትም ሥልሳ ሥዕል፣ የሚስል ኮምፒውተር ሁለት ጥንድ ካልሲ በአንድ ሰዓት ያደርቃል።

ያፌት የሚለው ስም ዛሬ የሽማግሌ ስም ነው። እርሳቸው በተወለዱበት ጊዜ የተወለዱ ያፌቶች፣ ኤልዳናዎችና ባስልዮሶች አሁን ጉልበታቸውን ይዘው ነው ደረጃ የሚወጡት፤ የዘንድሮ ወጣት ድንቅነሽና በላይነህ ነው። ያ ትውልድ በወጣትነቱ ኮምፒውተሩን ያለ ገደብ ለቆት፣ ማንም የማያየው ባዶ ሜኑ በሰከንድ ዘጠኝ መቶ ጊዜ ሲሳል፣ እሱ ወጥ ቤት ገብቶ ሻይ ያፈላ ነበር። አሁን ወጣቶቹ ይህን በትምህርት ቤት እንደ ታሪክ ይማሩታል፣ ወደ ሽማግሌዎቹም ዞር ብለው ያያሉ። የአገሩ መብራት አልበቃ ሲል ገደብ መጣ። ለሠራተኛ አርባ አምስት፣ ለጡረተኛ ሥልሳ፣ ለኃላፊ መቶ ሃያ። ዝቅተኛው አሥራ ሁለት ነው፤ የሚፈቀደውም ሰው ለሞተበት ቤት፣ ዕቃው እስኪወጣ ድረስ ነው።

ጋሽ ያፌት ሥልሳቸውን የሚያውሉት በአንድ ነገር ላይ ብቻ ነው። በየቀኑ ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ከመገናኛ ፒያሳ ታክሲ ይነዳሉ።

ጨዋታው «አንድ ሰው» ይባላል። አሸናፊ የለውም። መንገዱ የዛሬ ሃምሳ ዓመት መንገድ፣ ታክሲዋም ያቺው ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ናት። ተሳፋሪዎቹ እውነተኛ ሰዎች ናቸው፤ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ በየቤታቸው ብቻቸውን የተቀመጡ፣ ሰደሪያ የለበሱ። ሰደሪያው ከጎንህ ሰው ሲቀመጥ ጎንህን ይጫንሃል፤ የሰው ክንድና የሰው ወገብ ያክል። የሚከፈለው ለዚያ ነው። ፒያሳ መድረሱ ለማንም ቁም ነገሩ አይደለም። ቁም ነገሩ ረዳቱ ጋሽ ባስልዮስ በሩ ላይ ተንጠልጥለው «ጠጋ ጠጋ በሉ! የኋላ ወንበር አራት ሰው!» ሲሉ ነው። ጋሽ ባስልዮስ ሃያ ስምንት ዓመት ዳኛ ነበሩ። አሁን ወያላ ናቸው፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል ሲጠየቁ ያፍራሉ። ታክሲዋ ስትሞላ «ሞላ! ሳበው!» ብለው የታክሲዋን ጎን በመዳፋቸው ሁለቴ ይመታሉ፤ ጓ፣ ጓ። ጋሽ ያፌት በቀን ውስጥ ከሚሰሙት ድምፅ ሁሉ የሚወዱት እሱን ነው።

ጋቢና፣ በመስኮቱ በኩል፣ እትዬ ኤልዳና ይቀመጣሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያው ናቸው። ጋሽ ያፌት ስለ እርሳቸው ብዙ ያውቃሉ። ጥርስ ሐኪም እንደነበሩ፣ ከዝንጅብል ሻይ ሌላ እንደማይጠጡ፣ በሚስቁበት ጊዜ መጀመሪያ «ኧረ በሞትኩት» እንደሚሉ ያውቃሉ። የት እንደሚኖሩ አያውቁም። ታክሲ ውስጥ ሰው የሆዱን ይናገርና ይወርዳል እንጂ አድራሻ አይጠይቅም፤ ይህን ሕግ ማንም አልጻፈውም፣ ማንም አልጣሰውም። ስድስት ዓመት ሙሉ እትዬ ኤልዳና ፒያሳ ሲደርሱ «ወራጅ አለ» ይላሉ፣ ጋሽ ያፌት «በደህና ይግቡ» ይላሉ፣ ያበቃል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ቤቱ አይሮፕላን ማረፊያ ይመስላል። ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ በብሎክ 419 ያለ የኮምፒውተር ማቀዝቀዣ ፋን ሁሉ ይጮኻል። የግድግዳ ጎረቤታቸው፣ የበር ቁጥር 7፣ ከሁሉም ይብሳል። ባለፈው ዓመት እንዲያውም ግድግዳውን በአንድ ከባድ ነገር መደብደብ ጀምሯል። ጋሽ ያፌት ጠብ አይወዱም፤ የጆሮ ማዳመጫቸውን ድምፅ ከፍ ያደርጋሉ።

ያን ማክሰኞ ታክሲዋ ከመገናኛ ተነሥታ ሾላ ሳትደርስ መንገዱ ተቆራረጠ። ሰው አስፋልት ሲያቋርጥ እግሩን አንሥቶ ሲያሳርፍ አይታይም፤ እዚህ ነበረ፣ እዚያ ሆነ።

«ሾፌር፣ ክላቹን ልቀቀው እንጂ!» አለ ከኋላ አንዱ።

«ክላቹ አይደለም፣ ዓይኔ ነው መሰለኝ» አለች ሌላዋ።

«ሁላችንም ዓይናችን በአንድ ቀን?»

ታክሲዋን የሚስለው የሾፌሩ ኮምፒውተር ስለሆነ፣ የሾፌሩ ፍሬም የሁሉም ፍሬም ነው። ጋሽ ያፌት ማያው ጥግ ላይ ያለውን የፍሬም ቁጥር ተመለከቱ። አሥራ ሁለት ይላል። ሰደሪያውም ተበላሽቶ ነበር፤ ሰው ሲጠጋ አይጫንም፣ በጣት ደጋግሞ ይነካል፣ የሆነ ነገር ሊጠይቅ እንደፈለገ። እንግሊዝ ኤምባሲ ጋ አምስት ሰው አጥወልውሎት ወረደ። ካልሲው በማግሥቱም እርጥብ ነበር።

*

ረቡዕ ጠዋት ጋሽ ያፌት ጃንጥላ ይዘው ወደ ጽሕፈት ቤቱ በእግራቸው ሄዱ። ከቤት ከወጡ ወራት ሆኗቸዋል። ዝናቡ ጠብታ በጠብታ ሳይቆራረጥ ይወርዳል፣ ዛፉ ቅጠል በቅጠል ይወዛወዛል። ውጭው ዓለም የፍሬም ገደብ አልነበረበትም። ሰውም አልነበረበትም።

ድንቅነሽ የምትባል የሃያ አራት ዓመት ልጅ መስኮቱ ላይ ተቀምጣለች። የስልኩን ንግግር ቅጂ ከፈተች። ከትንሿ ድምፅ ማጉያ ውስጥ ጋሽ ያፌት ጥርት ባለ ድምፅ «ፍሬም የለኝም» አሉ።

«ድምፁ የእርስዎ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ታዲያ ምን ልርዳዎት?»

«ልጅ የለኝም ማለቴ እኮ ነው።»

መልሳ አጫወተችው። «ልጅ የሚል ነገር አልሰማሁም ጋሼ።»

«ፍሬ! ፍሬ ነው ያልኩት። እሱ ራሱ ነው የትዳር ፍሬ ብሎ የጠየቀኝ። ሚስት የለኝም አልኩ፣ ቀጥዬ ፍሬም የለኝም አልኩ። ‹ም›ዋ እኮ የ‹ደግሞ› ናት!»

«ለምን ጨመሯት?»

«አማርኛ ነዋ!»

«ልጅ የለኝም ቢሉ ይበቃ ነበር።»

«በጨዋ ቃል ሲጠይቀኝ በጨዋ ቃል መለስኩ። ጥፋቴ እሱ ነው?»

ድንቅነሽ ወደ ማያዋ ዞራ ጥቂት ነካካች። ፊቷ ላይ ክፋት አልነበረም፤ ይህን «ም» ከዚህ በፊትም እንዳየችው ያስታውቃል።

«ዓርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ይደወልልዎታል። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ፍሬም አለዎት ይላል። አለኝ ይበሉ፣ ያኔውኑ ይለቀቅልዎታል።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ግን ስም ይጠይቅዎታል።»

«የማንን ስም?»

«የልጅዎን።»

«ይኸው! ይኸው እኔ ያልኩት!»

«ምን ላድርግ ጋሼ፤ የለኝም ሲሉት ፍሬም ይመስለዋል፣ አለኝ ሲሉት ልጅ ይመስለዋል። የሠሩት ሰዎች ጡረታ ወጥተዋል። እርስዎ ዝም ብለው አንድ ስም ይበሉት፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። እንዲያውም ለልጅ አሥር ፍሬም ይጨመራል፤ ሰባ ይሆኑልዎታል።»

«የሌለ ልጅ ልፈጥር?»

«ስም ነው እንጂ ልጅማ ማን ይፍጠሩ አለዎት።»

ሲመለሱ ሊፍቱ አይሠራም ነበር። ዘጠኝ ፎቅ በእግራቸው ሲወጡ ስም አሰቡ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ልጃቸው ሴት ነበረች፤ አምስተኛው ላይ ደግሞ የአባታቸውን ስም ሊሰጡት አሰቡና አዘኑለት። ልጅ ሲወለድ ስም የሚወጣው ሰው ተሰብስቦ፣ አንዱ ሲጥል ሌላው ሲያነሣ ነው። እርሳቸው ሰባተኛው ፎቅ ላይ የደረጃውን መደገፊያ ይዘው ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ ብቻቸውን አወጡለት። ሞላ። ሞላ ያፌት። አንድ ጊዜ ጮክ ብለው ሞከሩት። ደረጃው ባዶ ስለነበረ ደግሞ መለሰላቸው።

*

ሐሙስ ዕለት ከአሥራ ሁለቱ ወንበር አራቱ ብቻ ሰው ነበረበት። ቀበና ድልድይ ላይ ጋሽ ባስልዮስ ራሳቸው ከበሩ ላይ ወረዱ።

«ጋሽ ያፌት፣ ሃያ ስምንት ዓመት ችሎት ስቀመጥ እንዲህ አላጥወለወለኝም። ነገ ፍሬምዎ ከተመለሰ አንድ ቃል ይላኩብኝ። ሕዝቡን ሰብስቤ አራት ኪሎ ላይ እጠብቅዎታለሁ። ካልሆነ ግን…»

ካልሆነ የሚሆነውን ጋሽ ያፌት ያውቁታል። የጨዋታው ተራ አስከባሪ ማስታወቂያውን ልኮላቸዋል። ሦስት ቀን ሳትሞላ የሄደች ታክሲ ዓርብ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተራዋ ይነጠቃል፤ መስመሩም ለሌላ ሾፌር ይሰጣል። ሌላ ሾፌር ማለት ሌላ ታክሲ ነው። ሌላ ታክሲ ማለት ሌላ ጋቢና ነው። የእትዬ ኤልዳና ወንበር የት እንደሚሄድ የሚናገር አንቀጽ በማስታወቂያው ውስጥ አልነበረም።

ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት። ክፍሉ ቀዝቅዟል። ኮምፒውተሩ በአሥራ ሁለት ፍሬም ፋኑን እንኳ አያዞርም፤ እንደ ተዘጋ መጽሐፍ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ጋሽ ያፌት ብርድ ልብስ ደርበው መገናኛ ላይ በሩን ከፈቱ። ማንም አልገባም። የሚጮኽ ወያላ ስለሌለ ራሳቸው በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው «ፒያሳ፣ ፒያሳ! አንድ ሰው!» አሉ። አሥራ ሁለት ሰው ጎድሏቸው አንድ ሰው ማለታቸው ራሳቸውን አሳቃቸው።

የጋቢናው በር ተከፈተ።

«አንድ ሰው ከሆነ እኔ አለሁ» አሉ እትዬ ኤልዳና።

«አያጥወለውልዎትም እንዴ?»

«ከማክሰኞ ጀምሮ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምሄደው። ይንዱ።»

«ታዲያ ምን ያያሉ?»

«ድሮም ጋቢና የምቀመጠው ለመንገዱ መስሎዎታል?»

ጋሽ ያፌት ማርሽ አስገቡ። ሾላን አለፉ። ጥቂት ደቂቃ ቀርቷል፤ ስልኩ ይደወላል፣ ስም ይናገራሉ፣ ባስልዮስ ሕዝቡን ይሰበስባሉ። ሞላ ያፌት። ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አጠኑት።

«ዛሬስ ዝምታ አበዙ» አሉ እትዬ ኤልዳና።

«አይ፣ ብርዱ ነው።»

«ኧረ ብርዱስ እኔንም ገድሎኛል። የርስዎ ፍሬም ካነሰ ወዲህ የኔም ኮምፒውተር አልሞቅ ብሏል። ደግሞ የጸጥታው ነገር! የጎረቤቴን ፋን ነግሬዎት አልነበር? ያ አይሮፕላን?»

«ነግረውኛል። ምን ያለ ሰው ነው፣ ሰላም የማይሰጥ።»

«ከማክሰኞ ጀምሮ ዝም አለ።»

«እሰይ! እግዜር ሰማዎት።»

«እኔም መጀመሪያ እሰይ አልኩ። አሁን ግን ሳስበው…» ድምፃቸው ቀነሰ። «ሞቶ ይሆን?»

የጆሮ ማዳመጫው የቀዘቀዘ ጆሯቸውን ስላሳመማቸው፣ ጋሽ ያፌት ግራውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገውት ነበር። እናም «ሞቶ ይሆን» የሚለውን ሁለቴ ሰሙት። አንዴ በግራ ጆሯቸው፣ ከግድግዳው በኩል፣ ዝቅ ብሎ፤ አፍታ ቆይቶ ደግሞ በቀኝ ጆሯቸው፣ ከታክሲዋ ውስጥ።

መሪውን ይዘው ቀሩ። ታክሲዋ በራሷ እንግሊዝ ኤምባሲን አለፈች።

«እርስዎ በመከሩኝ መሠረት በዘነዘና ስደበድበው ነበር» አለ ግድግዳው። «እርስዎ በመከሩኝ መሠረት…» አለች ታክሲዋ። «አሁን ይጸጽተኛል። ብቻውን የሚኖር ሰው ይመስለኛል። ሰው ሲመጣበት ሰምቼ አላውቅም።»

ስልኩ ጮኸ። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል።

«ከፍሬም ምጣኔ ጽሕፈት ቤት ነው» አለ ጨዋው ድምፅ። «ፍሬም አለዎት?»

እትዬ ኤልዳና ንግግራቸውን አቋረጡ። ጋሽ ያፌት ስሙን በምላሳቸው ጫፍ ይዘውታል። አለኝ ቢሉ፣ ጋሽ ባስልዮስ አራት ኪሎ ላይ ሕዝብ ይዘው ይጠብቋቸዋል፣ ጎንና ጎናቸውን ሰው ይጫናቸዋል፣ ካልሲያቸው ይደርቃል። ሰባ ፍሬም ይሆናል። በሰባ ፍሬም ፋኑ ከዚህ በፊት ጮኾ በማያውቀው ልክ ይጮኻል፤ የበር ቁጥር 7 ፋንም አብሮ። ከዚያ በኋላ በዚህ ግድግዳ በኩል የሚያልፍ የሰው ድምፅ አይኖርም። ዘነዘና ብቻ ያልፋል።

«ፍሬም አለዎት?» ደገመ ድምፁ። ሰው አይደለምና አይሰለቸውም።

«ፍሬም የለኝም» አሉ ጋሽ ያፌት። ቀስ ብለው፣ ‹ም›ዋን ሳይውጡ።

«ፍሬም እንደሌለዎት በድጋሚ ተመዝግቧል። ለአገርዎ ስላደረጉት…»

ዘጉት።

የስልኩን ጥሪም የእርሳቸውን መልስም ግድግዳው ወደ ወዲያ አሳልፎት ነበር። ቀበና ድልድይ በአሥራ ሁለት ቁራጭ እየሆነ መጣ። እትዬ ኤልዳና ጋቢና ውስጥ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል፤ ግን ፊታቸው ወደ ሾፌሩ አልነበረም፣ ወደ ቀኝ፣ ምንም ወደሌለበት ዞሯል።

«ወራጅ አለ» አሉ።

ፒያሳ ገና ነው። ቃሉንም ጋሽ ያፌት የሰሙት አንዴ ብቻ፣ በግራ ጆሯቸው ነው። ታክሲዋን መቆሚያ በሌለበት፣ ድልድዩ መሐል ላይ አቆሟት። የጋቢናው ወንበር ባዶ ሆነ። በደህና ይግቡ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት።

ኮምፒውተሩን አጠፉት። አሥራ ሁለቱም ፍሬም ጠፋ። ዝናቡ መስኮቱን ይመታል። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተራቸው ይነጠቃል፤ ጋሽ ባስልዮስም ያልተላከላቸውን አንድ ቃል እየጠበቁ ይሆናል። ወንበራቸውን አንሥተው ግድግዳው ሥር አስቀመጡት። ተቀመጡ። ራቅ ያለ መሰላቸው። ተነሥተው ጠጋ አደረጉት፤ ደግሞ ጠጋ።

ግድግዳው ቀዝቃዛ ነው። ግራ ክንዳቸውን አስደገፉት። ሰደሪያው ጠፍቷል፣ ግድግዳው ግን ይጫናል።

«አልሞትኩም» አሉት።

ከወዲያ በኩል አንድ ነገር ወለሉ ላይ ሲጎተት ተሰማ፤ ወንበር ሊሆን ይችላል። ጋሽ ያፌት ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጠፉ።

ግድግዳው ሁለቴ ተመታ። በዘነዘና አልነበረም፤ በመዳፍ ነው።

ጓ፣ ጓ።